የዋንዛው አበቦች የክርስትና ስም

መሪጌታ እንግዳሸትን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ የለም። ያየውን ያየ ግን አልጠፋምና ነገሩ እንዲህ ሆኖ ደርሶናል።

መሪጌታ በምዕራብ በኩል፣ ዝናብ በማይነጥፍበት የደን አገር፣ በደጃዝማች ወንዳፍራሽ ግዛት የሚኖሩ የዜማ መምህር ነበሩ። ምላሳቸው ምላጭ ነው፤ ደጃዝማችም ይህንኑ ስለሚወዱላቸው ከማዕዳቸው አያርቋቸውም። ከመሪጌታ ቤት ጀርባ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩት ከእሱ ጥላ ሥር ነው። ቅርንጫፉን ሁሉ ልዩ ልዩ አበባ ለብሶታል፤ አበባውም መሬት ሳይነካ፣ ሥሩን ቅርፊት ላይ ዘርግቶ የሚኖር ዓይነት ነው።

ሙሴ ሩዶልፍ የሚባል የዕፅዋት ሊቅ ከፈረንጅ አገር መጥቶ ይህን ዛፍ ባየ ጊዜ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ከዛፉ ሥር አልጠፋም። አበባውን አንድ በአንድ ይሥላል፣ ከሥዕሉ ግርጌ የላቲን ስሙን ይጽፋል፤ መሪጌታም አጠገቡ ተቀምጠው ያያሉ።

*

አንድ ቀን ምሳ ላይ ደጃዝማች፣ «ይህ ሰው ለአበባ ሁሉ የላቲን ስም መስጠቱ ምን ይረባዋል? እኛ አንጠራው፤ የአገሩ ገበሬ እንኳ አይጠራው» አሉ።

መሪጌታ እጃቸውን እየታጠቡ መለሱ፤

«ጌታዬ፣ የእርስዎንስ የክርስትና ስም ከቄሱ በቀር ማን ይጠራዋል?»

*

ሌላ ጊዜ በግብር ላይ የግቢው አዛዥ ድልነሳው፣ «ምኑ ይደነቃል? ተቀጥላ ነው፤ ዛፉን እየበላ የሚኖር» ብሎ አበባውን አጣጣለ። ሙሴ ሩዶልፍ በአስተርጓሚው በባሻ ገሠሠ አፍ መለሰለት። አበባው ዛፉ ላይ ይቀመጣል እንጂ ከዛፉ አንዲት ጠብታ አይወስድም፤ የሚኖረው በዝናብና በአየር ነው አለ።

«ሳይበላ ይቀመጣል?» ብለው ደጃዝማች ተደነቁ።

መሪጌታ በአዳራሹ ዙሪያ የተኮለኮለውን መኳንንት አንድ በአንድ አዩና፣

«ይህስ በጌታዬ ግቢ ታይቶም አይታወቅ፤ ደጅ ይጠናል፣ ግን አይበላም!» አሉ።

*

የደጃዝማች ባለቤት ወይዘሮ የውብዳር ደግሞ ፈረንጁ አበቦቹን በጅምላ «ኦርኪድ» ሲል ሰምተው ትርጉሙን ጠየቁ። ሙሴ ሩዶልፍ እስከ ጆሮው ቀላ። ባሻ ገሠሠ ጣራውን ያይ ጀመር። ቃሉ የጽርዕ፣ የግሪኮች ነው፤ የጥንት ሰዎች ከአፈር ከሚበቅለው ዘመዱ ሥር ጥንድ ሆነው የተንጠለጠሉ ድብልብል ነገሮችን አይተው አበባውን ድብልብሎቹ በሚመስሉት ነገር ስም ጠሩት። መሪጌታ ይህን ከዛፉ ሥር ሲጨዋወቱ ሰምተዋል።

«ምነው ዝም አላችሁ? መሪጌታ፣ አንተ ንገረኝ» አሉ ወይዘሮዋ።

«እመቤቴ፣ ነውር የለበትም። ወይፈን ያለው፣ ሰንጋ ያጣው ነገር ነው።»

ወይዘሮ የውብዳር ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ደጃዝማች ግን ውኃ እስኪመጣላቸው ድረስ ሲያስላቸው ቆየ።

*

አዛዥ ድልነሳው በስስቱ የታወቀ ነበር። በአገሩ ወግ የክርስትና አባት የሆነ ሰው ለልጁ አንዳች ስጦታ ይሰጣል፤ ያለው ጥጃ፣ የሌለው ሸማ። ስለዚህ አዛዥ ያን ያህል ዘመን ሲኖር አንድም ልጅ ክርስትና አንሥቶ አያውቅም። በሠፈሩ ወንድ ልጅ ከተወለደ በአርባኛው ቀን እሱን ያመዋል።

ታዲያ አዲስ ቤት ሠርቶ የመዝጊያ ሳንቃ ሲቸግረው፣ ከደጃዝማች ፊት ቀርቦ፣ «ከመሪጌታ ቤት ጀርባ ያለው ዋንዛ የጌታዬ ነው። ተቀጥላ ጨርሶታል፤ ሳይወድቅ ልቁረጠው» አለ።

«ተቀጥላ አይደለም» አሉ መሪጌታ። «እያንዳንዱ ስም ያለው ፍጡር ነው።»

«ስም አለው? እስቲ ጥራው! ፈረንጅ የጻፈውን አንተ ደብተራ በምን አፍህ ትጠራዋለህ?»

ደጃዝማች ክርክር ይወዱ ነበርና እንዲህ ሲሉ ቆረጡ፤ «ሙሴ ከመሄዱ በፊት፣ ዛፉ ላይ ያለውን አበባ ሁሉ በችሎት ፊት በላቲን ስሙ ትጠራለህ። ከሞላህ ዛፉ ያንተ ነው። አንድ ከጎደለ የአዛዥ ነው።»

መሪጌታ እጅ ነሥተው ወጡ። የዚያን ዕለት ግን ቤታቸው ሲገቡ ዛፉን ቀና ብለው አላዩትም ይባላል።

*

በማግሥቱ ስሞቹን እንደ ማንኛውም ትምህርት በዜማ ያዟቸው። ኤራንጊስ በግዕዝ ዜማ፣ አንግሬኩም በዕዝል፣ ፖሊስታኪያ ረዘም ስለሚል በአራራይ ሆነ። ትርጉሙን ሳይዙም አያዜሙም፤ ኤራንጊስ የአየር ዕቃ፣ ፖሊስታኪያ ባለ ብዙ ዛላ ማለት ነው። ሙሴ ሩዶልፍ ጠዋት ሲመጣ ላቲን በመቋሚያ ታጅቦ ሲወርድ ሰምቶ እርሳሱን ጣለ አሉ።

ባሻ ገሠሠ እያስረዳ፣ «ስሙ ሁለት ነው፤ ፊተኛው የወገኑ፣ ኋለኛው የራሱ። ግን ወገን ለምን እንደሚቀድም እኔም አልገባኝም» አለ።

«ባሻ፣ በአዛዥ ድልነሳው በር ገብተው አያውቁም? መጀመሪያ የሚጠየቁት የማን ወገን እንደሆኑ ነው፤ ስምዎን ከገቡ በኋላ ነው።»

*

ባሻ ሁለት ዓመት ፈረንጅ አገር ኖሯልና የመሪጌታን አጠራር እየደጋገመ ያርም ነበር። «እንደሱ አይባልም መሪጌታ፤ በላቲን አገር ቢሰሙዎት ይስቁብዎታል።»

መሪጌታ ወደ ሙሴ ዞሩ። «ዛሬ በዚህ ቋንቋ አፉን የሚፈታ ልጅ አለ?»

«የለም። ከሞተ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል» አለ ሙሴ።

«እንግዲያው ባሻ ይረፉ። ሲነሣ ራሱ ይክሰሰኝ።»

በዚያው ሳምንት አንድ እንግሊዛዊ መንገደኛ ግቢው አረፈ። እሱና ሙሴ ሩዶልፍ በአንድ አበባ ስም አጠራር ተጣሉ፤ አንዱ ቃሉን ሲጎትተው ሌላው ያሳጥረዋል። ማዕዱ ቀዘቀዘ። ደጃዝማች ሰልችቷቸው፣ «መሪጌታ፣ አንተ ፍረድ፤ ልክ ማን ነው?» አሉ። መሪጌታ አበባውን ከሁለቱ መካከል አኑረው፣ ሁለቱንም ደግመው እንዲጠሩት አደረጉ። ጆሯቸውን ወደ አበባው አስጠግተው ቆዩና ቀና አሉ።

«ጌታዬ፣ ለማንኛቸውም አቤት አላለም።»

*

ቀኑ ደረሰ። ችሎቱ ከዋንዛው ሥር ተሰየመ። አዛዥ ድልነሳው መጥረቢያ የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ወደ ቅርንጫፎቹ እየቀሰሩ ሙሴ የሣላቸውን ዘጠኝ አበቦች ከነወገናቸው፣ ከነትርጉማቸው ጠሩ። ሙሴ በእያንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ሕዝቡ ሊያጨበጭብ ሲል አዛዥ ከካባው ሥር ንብ የምታህል አረንጓዴ አበባ አወጣ።

«አሥረኛው ይኸው! ዛሬ ጠዋት ከጫፉ ያስወረድኩት ነው። ጥራው!»

መሪጌታ አዩት። አያውቁትም። ሙሴ ሩዶልፍ ተነሥቶ በማጉያ መስተዋቱ አገላብጦ አየው። ይህን አበባ እስከ ዛሬ ማንም አልጻፈውም፣ አዲስ ነው፣ ስም የለውም አለ።

«አልተጠራም፣ አልተጠራም ነው!» አለ አዛዥ።

ደጃዝማች ቅር እያላቸው፣ «ቃሌ ቃል ነው። አንድ ጎድሏል፤ ዛፉ የአዛዥ ነው» አሉ። መጥረቢያ ያዦቹ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ፍርዱን ተቀብያለሁ» አሉ መሪጌታ። «ዛፉ የአዛዥ መሆኑን ጉባኤው ሁሉ ይስማ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ይህ ምስኪን ስም ሳይወጣለት ይቅር?»

ሙሴም ስም እንደሚያወጣለት፣ ልማዱም ባገኘው ሰው መሰየም እንደሆነ ተናገረ።

«ያገኙት አዛዥ ናቸው» አሉ መሪጌታ።

«በእኔ ስም?» አለ አዛዥ። «በመጽሐፍ ይጻፋል?»

«በዓለም ሁሉ ይነበባል፤ ለዘላለም» አለ ባሻ።

አዛዥ ካባውን አስተካከለ። ሙሴ ጽፎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ «ፖሊስታኪያ ድልነሳዊ!» ሴቶች እልል አሉ። «የእኔ ነው፤ ተቀብያለሁ!» አለ አዛዥ፣ ደረቱን ነፍቶ።

የደጃዝማች ፊት በራ። «እሰይ! አዛዥ፣ ዛሬስ ሳያምህ ተገኘህ። ስምህን ሰጠኸው፣ ክርስትና አነሣኸው ማለት ነው። በል እንግዲህ፣ ለልጅህ ምን ትሰጠዋለህ?»

አዛዥ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ሰው ሁሉ አፉን አፉን ያየዋል። «ጌታዬ፣ ለአበባ ምን ይሰጣል? ጥጃ ብሰጠው አይነዳ፣ ሸማ ብሰጠው አይለብስ...»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣

«አዛዥ አይጨነቁ፤ ልጁ ማደሪያ የለውም፣ ዛፉን ይስጡት» አሉ።