አያ ጅቦ የተሸከመው ሙዝ

አንድ ጊዜ አንበሳ ጥርሱን ታመመ። ሕመሙስ ምን ዓይነት ሕመም ነው! ሲያቃስት ከማዶው ተራራ ቋጥኝ ይንከባለል ነበር። ሥጋ ማኘክ ቢያቅተው አህያን አስጠራት።

«ከቆላ ማንጎ አምጪልኝ። ጨረቃ ስትሞላ እንደ ቅቤ ለስልሶ ይቅረብ! ጥርሴን ካሳመመኝ ግን ሕመሜን ችዬ አንቺኑ እበላለሁ።»

አህያ ቆላ ወረደች። የበሰለውን ብትጭን ዳገቱ ላይ ተጨፍልቆ በጎኗ እንደሚፈስ ታውቃለች። ስለዚህ አድጎ ገና ያልበሰለውን መርጣ፣ ከነአንገቱ ቀጥፋ፣ ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት ደርድራ፣ ጥላ ጥላውን ይዛ ወጣች። አንዱም ሳይጫር ደረሰ። ምን ዋጋ አለው? ድንጋይ ነው! ቢወረውሩት ዝሆን ይጥላል።

«አለቀልኝ» ብላ ጆሮዋን ጣለች።

ጎረቤቷ ቀበሮ ቅርጫቱን ዞር ዞር ብላ አሸተተችው። «እህቴ፣ አያያዝሽስ ድንቅ ነው። የጎደለው የበሰለ ሙዝ ብቻ ነው። አብሮት ከታፈነ ያበስለዋል።»

«ቆላ ልመለስ? በየትኛው ጉልበቴ?»

«አንቺን ማን አለሽ? ተሸካሚ አለን።»

ጅብ የአህያዋን መጨረሻ እያሰበ ምራቁን ሲውጥ ቀበሮ ደረሰችበት።

«አያ ጅቦ፣ ማንጎው ከተበላሸ የአህያዋ አጥንት የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ!»

«እንግዲያው የበሰለ ሙዝ አምጥተህ ማንጎው መሃል ቅበር፤ ጭዱንም ድፍን አድርገው። ያኔ አበቃለት። ብቻ አደራ፣ ሙዙን መንገድ ላይ እንዳትበላው።»

«እኔ? እኔ ልብላ?» አለ ተቆጥቶ።

ጅብ ምግብ ተሸክሞ ሳይቀምስ የመጣው ያን ቀን ብቻ ነው። አፉን በሐረግ አስሮ ነበር አሉ፤ ምራቁ የፈሰሰበት መንገድ እስከ ክረምት ጭቃ ሆኖ ከረመ። አህያ የተኛች መስላ በአንድ ዓይኗ ስታየው፣ ሙዙን ቀብሮ፣ ጭዱን ጠቅጥቆ፣ እየሳቀ ሄደ።

ጨረቃ ሞላች። ቅርጫቱ አንበሳ ፊት ሲከፈት መዓዛው አገር አወደ፤ ንቦች ቀፏቸውን ጥለው መጡ። አንበሳ አንዱን ገመጠ። ጭማቂው በጎፈሩ ላይ ወረደ።

«ይሄ ማንጎ ነው ወይስ ማር? ከዛሬ ጀምሮ አህያን የሚነካ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው!»

«ጌታዬ፣ አጥንቱስ?» አለ ጅብ ከጥግ።

አንበሳ መጥጦ የጨረሰውን የማንጎ ዘር ወረወረለት። «ይኸውልህ አጥንቱ!»

ጅብ ዛሬም ይግጠዋል፤ ሥጋው የት እንደገባ ግን አልገባውም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራውን ተጠንቅቆ ለያዘና ብልህ ወዳጅ ላለው የጠላቱ ተንኮል እንኳ ማጣፈጫ እንደሚሆንለት ነው።