የዘካርያስን ልብ የመለሰ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ከዓለም ዳር እስከ ዳር ኳስን በአንድ ሕግ በሚጫወትበት፣ ማሽንም ከሰው የልብ ምት ተነሥቶ ነገን መተንበይ በጀመረበት ዘመን፣ አርባ ምንጭ ላይ ሙዳይ የምትባል የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ ዘካርያስ ለጫሞ ኮከብ ቡድን በግራ ክንፍ ይጫወታል። ኳስ ይዞ ሲፈተለክ ተመልካቹ ከመቀመጫው ይነሣል። ሙዳይም ትነሣ ነበር። ከአንድ የግንቦት ሰኞ ወዲህ ግን እሱ በሮጠ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡድኑ ትርሲት የምትባል ኮምፒውተር የተማረች ልጅ ቀጥሮ ነበር፤ ዝምተኛ፣ ቃሏን መዝና የምትናገር። ተጫዋቾቹ በልምምድ ጊዜ ደረታቸው ላይ መለኪያ ያስራሉ። መለኪያው የልባቸውን ምትና ሩጫቸውን ይመዘግባል፤ ትርሲት የሠራችው ፕሮግራም ደግሞ ያንን እያየ ማን እንደደከመ፣ ማን ለጉዳት እንደተቃረበ ይናገራል። ፕሮግራሙን ቁጭ አድርጎ ያስተማረው ሰው የለም። ከብራዚል፣ ከጃፓን፣ ከሴኔጋል፣ ከየአገሩ የተሰበሰበ የሺህ ተጫዋቾች የልብ ምት ተሰጠው፤ እሱ ራሱ ከዚያ ውስጥ እየፈለገ ተማረ።

ያን ሰኞ ሙዳይ ከገበያ ስትመለስ ትርሲት መንገድ ላይ አስቁማ ወደ ራሷ ቤት ይዛት ገባች፤ በሩንም ዘጋችው።

«የምነግርሽን እንዳልናገር ተከልክያለሁ» አለቻት።

«ምን ሆነ? ዘካርያስ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ገና ነው።»

ኮምፒውተሩን ከፈተችላት። አርባ አንድ መስመሮች እየወጡ እየወረዱ ስክሪኑን ሞልተውታል። ከሁሉም በታች ለብቻው አንድ ቀይ መስመር አለ። ትርሲት ጣቷን እሱ ላይ አሳረፈች። «ይሄ የባልሽ ነው። ፕሮግራሙ ከላይኞቹ ጋር ይመሳሰላል ይላል። ሜዳ ላይ ልቡ ቀጥ ሊል ይችላል። ከመቶ ሰባ።»

ሙዳይ አርባ አንዱን መስመሮች ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። «እነዚህ ሰዎችስ አሁን የት ናቸው?»

ትርሲት የመስመሮቹን መጨረሻ አሳየቻት፤ አርባ አንዱም ሜዳ ላይ ተቋርጠዋል። ሙዳይ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች።

ትርሲት የተከለከለችው በከንቱ አልነበረም። አምና ፕሮግራሙ ስለ አንድ በረኛ ይህንኑ ተናግሮ፣ በረኛው ከቡድኑ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። ሐኪም ቢያገላብጠው አንዳች አላገኘበትም። ሌላ ቡድን ግን ወሬውን ሰምቶ አልቀበል አለው፤ ልጁም በሃያ ሦስት ዓመቱ ከኳስ ተለያየ። አለቆቿም «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከአፍሽ ይውጣና እናያለን» ብለዋት ነበር። እሷም የዘካርያስን ነገር መጀመሪያ ለእነሱ ብታመጣ «ዝም በይ» አሏት። ዝም ብትል እንጀራዋ አይነካም፤ ብትናገር ምናልባት ሌላ ሰው በከንቱ ታጠፋለች። ሦስት ቀን አሰበችበትና ተናገረች። በሳምንቱ ከሥራ ተባረረች።

ዘካርያስ ሚስቱ ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ እንባዋን ሲያይ ግን ለእሷ ሲል ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ አዳመጠው፣ ሽቦ ለጣጥፎ መረመረው፣ «ጤነኛ ነህ» ብሎም ሰደደው።

«እንግዲህ ሰማሽ» አላት።

«አንድ ጨዋታ ነው የቀረው ዘኪ። አንድ ብቻ። ታምሜያለሁ በልና ቅር።»

«በዚያ ጨዋታ ነው ሊያስፈርመኝ ያሰበው የባሕር ማዶ ቡድን ሊያየኝ ሰው የሚልከው። እነሱም ስሜን ያገኙት በእንዲህ ባለ ማሽን ነው፤ አንድ ሰው እንኳ በዓይኑ ሳያየኝ። ብቀር ለምን ቀረ ይላሉ። ከዚያ በኋላ ማን ይፈልገኛል?»

«ሰባውስ?»

«ሰባው የማሽኑ ነው። ሠላሳው የእኔ ነው።»

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ሳምንታት ሙዳይ እህል አልዋጥልሽ አላት። ዘካርያስ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል ጆሮዋን ጀርባው ላይ ትለጥፋለች። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። በመካከል ጥቂት የዘገየ በመሰላት ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች፤ ምቱ ሲመለስ ደግሞ የሚቀጥለውን ትፈራለች። ደረጃ ሲወጣ ትቆጥራለች፤ ሲያስነጥስ ትደነግጣለች። አንድ ቀን ልጇ ለመጀመሪያ ጊዜ በሆዷ ውስጥ ስትገላበጥ ተሰማት፤ የተሰማት ግን ደስታ አልነበረም።

በመጨረሻ የቡድኑን ወጌሻ ጋሽ አንጁሎን ፈልጋ አገኘቻቸው። ጋሽ አንጁሎ ሠላሳ ዓመት የተጫዋች ቁርጭምጭሚት ሲያሹ የኖሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ሁሉ ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ በማሽን ጥንቆላ አላምንም ልጄ።»

«እኔም ባላምን ደስ ይለኛል ጋሽዬ። ፍርሃቱ ነው የማይተወኝ።»

«ልብ ሲቆም በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስ መሣሪያ አለ ይባላል። ሜዳችን የለውም። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ» አሏት ሽማግሌው።

በጨዋታው ዋዜማ ጋሽ አንጁሎ ወደ ክሊኒኩ ሄደው ለመኑ። «ለኳስ ተብሎ ከዚህ አይወጣም፤ እዚህ የሚተኛው በሽተኛስ?» ተባሉ። እውነት ነበራቸው። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ጋሽ አንጁሎ ተመልሰው መጡ፤ ተረኛዋ ነርስ ለምሳ እስክትወጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከወጣች በኋላ ተነሥተው መሣሪያውን ከግድግዳው አወረዱ፤ ከሚስማሩ ሥር ወረቀት ለጠፉ፦ «እኔ አንጁሎ ወስጃለሁ። ከጨዋታው በኋላ እመልሳለሁ። ሕግ ካለ እዳኛለሁ።» ከሰዓት በኋላ ደረቱን የሚያመው አንድ ገበሬ በጋሪ ተጭኖ ወደዚያው ክሊኒክ መጣ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሐኪሞቹ ከበሽተኛው ወደ ባዶው ሚስማር፣ ከሚስማሩ ወደ በሽተኛው ሲያዩ ዋሉ። ገበሬው ተረፈ። ባይተርፍስ?

በዚያው የጨዋታ ቀን ጠዋት ሙዳይ የባሏን ታኬታ ጫማ ጣሪያ ላይ ሸሽጋው ነበር። ዘካርያስ ቤቱን አገላበጠ፤ ባጣው ጊዜ በባዶ እጁ ሄደ። ሜዳ ስትደርስ ከጓደኛው የተዋሰው ጫማ እግሩ ላይ ነበር።

ተጋጣሚው ከጋምቤላ የመጣ ቡድን ነው። ካላሸነፈ ከሊጉ ይወርዳል። አጥቂው ኦኬሎ ይባላል፤ በባሮ ወንዝ ዳር ያደገ፣ ረጅም፣ ጀልባ ቀዛፊ ሳለ የሰጠመን ሰው ማዳን የሰለጠነ። ስለ ማሽኑ ትንቢት የሰማው ነገር የለም።

ሙዳይ ከአጥሩ ሥር ተቀመጠች። የመጀመሪያው አጋማሽ አለፈ። ስልሳኛው ደቂቃ አለፈ። ሰማንያኛው አለፈ፤ ውጤቱ አንድ ለአንድ ነው። «ሰባት ደቂቃ ብቻ፣ አምላኬ፣ ስድስት ብቻ» እያለች ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀብራለች። በሰማንያ ሰባተኛው ደቂቃ ኦኬሎ ከመሐል ሜዳ ኳስ ነጥቆ አመለጠ። በረኛው ሩቅ ወጥቶ ነበርና አለፈው። ከፊቱ ባዶ ጎል ብቻ ቀረ። ከኋላው የሚያባርረው ዘካርያስ ነበር፤ ሊደርስበት ሁለት እርምጃ ሲቀረው እጁን ወደ ደረቱ ሰደደ፤ እንደ ጆንያ ዱብ አለ።

የሆነውን ከጥቂት ሰው በቀር ያየ አልነበረም። ሕዝቡ ዓይኑ ኳሱ ላይ ነው። ዳኛው ፊሽካ አልነፋም። የኦኬሎ ጓደኞች «ምታው! ምታው!» ይላሉ። ኦኬሎ ግን ከኋላው የነበረው የእግር ኮቴ ባልታሰበ መንገድ ሲቋረጥ፣ ያንን የአወዳደቅ ድምፅም ሲሰማ ዞረ። የወደቀው ሰው እጁን አልዘረጋም፤ አልተገላበጠም፤ ዓይኑ እንደተከፈተ ነው። ኦኬሎ ኳሱን ትቶ ተመለሰ። ኳሱ ትንሽ ተንከባልሎ ሣሩ ላይ ቆመ።

ተንበርክኮ ደረቱን መጫን ጀመረ። ተጫዋቾች ውኃ ይዘው፣ ፎጣ ይዘው ሲከቡት «አትንኩት! ዞር በሉ!» ብሎ ጮኸ። በገዛ ቋንቋው እየቆጠረ ይጫናል፣ ይጫናል። የዘካርያስ ከንፈር አመድ መሰለ። ሕዝቡ አሁን ኳሱን ትቶ ወደ ወደቀው ሰው ዞረ።

ሙዳይ አጥሩን እንዴት እንዳለፈችው አታውቅም። መሐል ሜዳ ላይ ተቀመጠችና ጮኸች፦ «ይህን ሰው የመለሰልኝ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ለልጄ ስም ያወጣል! በሆዴ ባለው ልጅ እምላለሁ!» ሰው ሁሉ ሰማት።

ያን ጊዜ ጋሽ አንጁሎ መሣሪያውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ደረሱ። ኦኬሎ መጫኑን ሳያቋርጥ የዘካርያስን ማሊያ ቀደዱ፤ ሁለቱን ልጥፎች ደረቱ ላይ ለጠፉ። መሣሪያው ማንም በማያውቀው ቋንቋ ተናገረ። «እጅህን አንሣ!» አሉ ሽማግሌው። የዘካርያስ ገላ አንዴ ዘለለ። ምንም። ኦኬሎ እንደገና ተጫነ። መሣሪያው እንደገና ተናገረ፤ ገላው እንደገና ዘለለ። ከዚያ ዘካርያስ እንደሚያንኮራፋ ሰው አየር ሳበ።

ቀኑ በዚህ አበቃ። የጋምቤላው ቡድን አንድ ለአንድ ወጥቶ ከሊጉ ወረደ፤ የኦኬሎ ጓደኞች በአውቶቡስ ሲመለሱ አንድም ሰው አጠገቡ አልተቀመጠም። በጋሽ አንጁሎ ላይ ክስ ተመሠረተ። ዘካርያስ ዳነ፤ ሐኪሞች ደረቱ ውስጥ መሣሪያ ቀበሩለት፣ ኳስም ከለከሉት። የባሕር ማዶው ቡድን ዳግመኛ አልጻፈም።

በመስከረም ሴት ልጅ ተወለደች። ለክርስትናዋ ሰማንያኛው ቀን ሲደርስ ትርሲት፣ ጋሽ አንጁሎና ኦኬሎ ሦስቱም ተጠርተው መጡ፤ እያንዳንዳቸው በልባቸው የያዙት ስም ነበራቸው።

«ልለምን አልመጣሁም» አለች ትርሲት። «ግን እኔ ባልናገር መሣሪያውን የሚያመጣ ማን ነበር?»

«የአንቺ ማሽን ያን በረኛም ይሞታል ብሎ ነበር» አሉ ጋሽ አንጁሎ። «እኔ ሳላምን ነው የደፈርኩት። ልቡን የቀሰቀሰው በእነዚህ እጆች የመጣው መሣሪያ ነው፤ በእነዚሁ እጆች ፍርድ ቤት እቆማለሁ።»

ኦኬሎ መጨረሻ ላይ ተናገረ። «እናንተ ሁለታችሁ እንደሚወድቅ ሰምታችኋል፤ ለመዘጋጀት ጊዜ ነበራችሁ። እኔ የነበረኝ አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው። መሣሪያው እስኪደርስ ነፍሱን በእጄ የያዝኳት እኔ ነኝ።»

ሙዳይ ወደ ባሏ ዞረች። «እኔን አትጠይቂኝ» አላት። «እዚያ አልነበርኩም። ያየሽው አንቺ ነሽ።»

«ስም ማውጣቱን ለሦስቱም ላካፍል?» ስትል የዘካርያስ አባት ከተቀመጡበት ሆነው እጃቸውን አወዛወዙ። «በልጅ የተማለ መሐላ አይሸራረፍም። ‹የመለሰልኝ› ነው ያልሽው ልጄ፤ ‹የመለሱልኝ› አላልሽም።»

ሙዳይ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ያ የግንቦት ፍርሃት ተመልሶ ያዛት፤ አሁን የምትፈራው ለሌላ ልብ ነው። ለማይገባው ሰጥታ መሐላዋን ብታፈርስ በልጇ የሚመጣውን ማን ያውቃል?

ቄሱ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። እናንተ የሰማችሁ፣ እስቲ ፍረዱ፦ ሥራዋን አጥታ የተናገረችው፣ ሕግ ጥሰው መሣሪያውን ያመጡት፣ ወይስ ባዶ ጎል ትቶ የተመለሰው? ለሕፃኗ ስም ማን ያውጣላት?