ደብሪቱና የጤና ኃላፊው

ደብሪቱ የምትባል ጠጅ ጣይ ነበረች። ካንሰር ጡቷን ወሰደባት፣ ሕክምናውም ጠጉሯን አረገፈባት፤ ምላሷን ግን አልደፈሩም። ከከተማው ሆስፒታል የካንሰር መድኃኒት ጠፍቶ ታማሚው ሁሉ በባዶ እጁ ሲመለስ ጊዜ፣ እሷ ሰዉን አሰባስባ የጤና ኃላፊው መጥተው እንዲያነጋግሯቸው ደጅ ጠናች።

ኃላፊው መጡና በሆስፒታሉ አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ትዕግሥት ብቻ ሲሰብኩ ቆዩ። ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር፣ አፉን የሚያስይዙበት ዘዴ ያገኙ መስሏቸው ደብሪቱን አስነሷት።

«እስቲ እናታችን ይመስክሩ! ትዕግሥት ራሱ መድኃኒት ነው፤ አይደለም እንዴ?»

አይደለም ብትል ፈጣሪን እንዳማረረች ሊቆጥሩባት ነው፤ ነው ብትል የመጡበት ጉዳይ እዚያው ሊቀበር ነው። ደብሪቱ ግን ሳቋ መጣባት። ሻሿን አስተካክላ በትሕትና እጅ ነሳች።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፤ መድኃኒት ነው። ለካ ለዚህ ነው ያለቀብን!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሐኪሞቹ እንኳን ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ኃላፊው ኮስተር ሊሉ ሞክረው አቃታቸው፤ እንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ ሁሉም እየሰማ ወደ መድኃኒት መጋዘኑ ደወሉ።

«የካንሰሩን መድኃኒት ዛሬውኑ ጫኑ» አሉ፤ «እዚህ ትዕግሥት የሚባል ነገር ጠፍቷል።»