ወለላና የገበያ ጭራ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ። ላሚቱ መጨረሻ ላይ በማን በረት እንደምታድር ግን ቆይታችሁ ትሰማላችሁ።

ድሮ ድሮ፣ አውሬ እንደ ሰው ገበያ በሚወጣበት፣ እንደ ሰውም በሚጾምበት አገር (ጅቡ እንኳ ይጾም ነበር፣ ሰው እያየው) አንድ ቀበሮ ይኖር ነበር። ሀብቱ ወለላ የምትባል አንዲት ላም ናት። ቡችሎቹ የሚያድጉት በእሷ ወተት ነው።

የቅበላ ሳምንት ደረሰ። ኩዳዴ ሊገባ ነውና አገሩ ቅቤ በቅቤ ሆነ። የሚበላው በላ፣ የጠገበው ተቀባ፣ የቅቤም ዋጋ ሰማይ ወጣ። ቀበሮ ይህን አይቶ ምራቁን ዋጠ፤ ወለላን እየነዳም ነጭ ኩታ ለብሶ ቅቤ ወደሚነግደው ወደ ጉሬዛ ከነፈ።

«ጌታው፣ ላሜን ይውሰዱና ቅቤዎን በሙሉ ይስጡኝ።»

«ላምህን? አስበህበታል?»

«ምን ማሰብ ያስፈልጋል! የገበያን ጭራ ያዝ፣ ወደ ላይ ይጎትትሃል!»

ጉሬዛ ሳቁን በኩታው ሸፍኖ አስረከበው።

ሰኞ ኩዳዴ ገባ። ቀበሮ ቅቤውን ደርድሮ ቢጮህ ቢጮህ የሚያየው ጠፋ።

«አንተ! በጾም ቅቤ? ፈጣሪህን አትፈራም?» አለው አንዱ። ጅቡ ነበር።

ፀሐይዋ በረታች፣ ቅቤውም መቅለጥ ጀመረ። ገበያተኛው የሚጋፋው እሜቴ ጃርት ደጃፍ ነው። አሮጊቷ በአዝመራ ጊዜ፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ያከማቸችውን አተር ትሸጣለች።

«እሜቴ፣ ቅቤዬን ሁሉ ይውሰዱና አንድ ጆንያ አተር ይስጡኝ!»

«ልጄ፣ ጾም ገባ እንጂ ፋሲካ ቀረ አልተባለም እኮ። አንጥረህ አስቀምጠው።»

«እርስዎ ደግሞ የድሮ ሰው ነዎት! የገበያን ጭራ ያዝ፣ ወደ ላይ ይጎትትሃል!»

«እንግዲያ ጭራው ይቅናህ» አለችና ቅቤውን በኮረሪማ አንጥራ ቀዝቃዛ ጉድጓዷ ውስጥ ከተተችው።

ቀበሮ አተሩ ላይ ተቀመጠ። «ሽጥ እንጂ!» ሲሉት «ገና ይወደዳል» ይላል። ቡችሎቹ «አባዬ፣ ወተት!» ሲሉት «ዝም በሉ፣ በረት ሙሉ ላም ነው የማመጣላችሁ» ይላል።

የፋሲካ ዋዜማ ጆንያውን ተሸክሞ ገበያ ወጣ። ወይ ጉድ! አገሩ ሁሉ «ቅቤ! ቅቤ!» እያለ ይጯጯሃል።

«አተር አለ!» አለ ቀበሮ።

«ሁለት ወር ሙሉ የበላነውን? ወዲያ በልልን!»

ጉሬዛም የሚሸጠው አልቆበት ኩታውን እየጎተተ ወደ ጃርት ሮጠ። «እሜቴ፣ ላሟን ይውሰዱ፣ ቅቤውን ብቻ ያውጡልኝ!» እሜቴ ቅቤውን አወጣች፤ ወለላንም ወደ በረቷ አስገባች።

ፋሲካ አለፈ። ቀበሮ ጆሮውን ጥሎ በጃርት ደጅ ቆመ።

«እሜቴ፣ ለቡችሎቼ ትንሽ ወተት…»

«ወተቱስ አለ። በረቱን ማን ይጥረግልኝ?»

ያው እሱ ሆነ። ግን ምክሩን አልተወም። ከወለላ ኋላ ቆሞ፣ መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ይጮሃል፦ «ዘንድሮ ጤፍ ነው፣ ስሙኝ! የገበያን ጭራ ያዝ፣ ወደ ላይ…» ሳይጨርሰው ወለላ ጭራዋን ቀና ታደርጋለች፣ እሱም አካፋውን ያነሳል።

በሉ፣ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በቅቤ አብሱ። ቅቤውን ግን በጾም ግዙት።

የገበያን ጭራ የተከተለ፣ እበት ሲዝቅ ዋለ።