ሰርቨሩ ደህና ነው

አንድ ሰው ነበረ፤ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ሰርቨር የሚጠብቅ። ቆይ ስንዱ፣ «አባ፣ ወንድሞቼ ሲደውሉ ደህና ነን ብል ምን ክፋት አለው?» ያልሽኝን አልረሳሁትም። መጀመሪያ ይሄን ስሚ።

ሰርቨር የሚሉት የሕመምተኛው ሁሉ ካርድ የተቀመጠበትን ትልቅ ኮምፒውተር ነው። ሐኪሙ በየክፍሉ ሆኖ ከእሱ ያነባል። የሰውየው ሥራ ማሽኑ ምን ያህል እንደተሸከመ በየቀኑ አይቶ፣ ለሚመጣው ዓመት ይበቃል አይበቃም ብሎ መናገር ነው። ማየቱንስ ያያል፤ ሰነፍ አልነበረም። አዲስ ክፍል በተከፈተ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ሽቅብ ይወጣል፣ ማሽኑም እያደር ይንቀራፈፋል። ይህን ሲያይ ይሰጋ ነበር።

ዳይሬክተሯ ግን በስብሰባ መሀል «ሰርቨራችን እንዴት ነው?» ስትለው፣ መንገድ ላይ ሰላም እንዳለችው ሁሉ «ደህና ነው፣ ተመስገን!» ይላታል። ይሉኝታ ያዘዋ! ሲገዛ «ይሄ ለብዙ ዓመት ይበቃናል» ብሎ የማለላቸው እሱ ነው። አሁን አልበቃም ቢል ሥራውን አያውቅም እንዳይሉት ፈራ። እሷም አመነችው፤ ለአዲስ ማሽን የተያዘውን በጀት ለጣሪያ እድሳት አዋለችው።

ክረምቱ አልፎ ወባ ሲነሣ ሕዝቡ ግቢውን ሞላው። አንድ ረፋድ ላይ ማሽኑ ቀጥ አለ። በየመስኮቱ «ሲስተም የለም! ሲስተም የለም!» ሆነ። በዚያ ግርግር አንዲት እናት ትኩሳት የሚያንቀጠቅጣትን ልጇን ታቅፋ ገባች። ልጅቷ የማይስማማት መድኃኒት ነበር፤ ካርዷ ላይ ተጽፏል፣ ካርዱ ግን አይከፈትም። እናትየው የመድኃኒቱን ስም አታውቀው። ሐኪሙ መጠበቅ አልቻለም፣ ያንኑ መድኃኒት ወጋት። ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት፤ ከሞት አፋፍ ነው የመለሷት።

ሰውየው ማሽኑን እንደምንም አስነስቶ ሲወጣ ያቺ እናት ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ማሽኑን ያስነሳው እሱ ነው ብለዋታል። ጎንበስ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ! ልጆችህን ያሳድግልህ!» አለችው። አሜን ማለት አቃተው። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ። ዳይሬክተሯ ከኋላው ቆማ ነበር። አልተቆጣችም፤ «ጠይቄህ ነበር እኮ» ብቻ አለችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

አንቺም ያው ነሽ ልጄ፣ ነፍስ አባትሽ ነኝና አትቀየሚኝ። እናትሽ አልጋ ከያዘች ወዲህ ማገላበጡም ማጠቡም ባንቺ ላይ ወድቋል። ጉልበትሽ እያለቀ እንደሆነ ካንቺ በላይ የሚያይ የለም። ወንድሞችሽ ሲጠይቁሽ ግን «ደህና ነን» ትያለሽ፣ እነሱም አምነውሽ ይተኛሉ። አንቺ ያቃተሽ ቀን የምትጎዳው እዚያ አልጋ ላይ ያለችው ናት። ዛሬ ሲደውሉ «ብቻዬን አልቻልኩም፣ ድረሱልኝ» በያቸው። ማፈሩ እንደሆነ አይቀርልሽም፤ እናትሽ በሕይወት ሳለች እፈሪ።