መኪናው የሚያውቃቸው ቁልፎች

ዘይኑ ባልነዳው መኪና ተከሰሰ። የከሰሰው አሠሪው ነው፤ የመሰከረበት ደግሞ በገዛ ኪሱ ያለው ቁልፍ ነበር።

ይህ የሆነው በአንዲት የቆየች ከተማ ነው፤ ስሟ ይቅር። መንገዶቿ ለበቅሎ እንጂ ለመኪና አልተሠሩም። ሆኖም መኪናው መጣ፤ ሰዉም ግድግዳ እየታከከ ያሳልፈው ጀመር። በታላቁ መስጂድ በር ትይዩ ሐጂ ሸምሰዲን የሚባሉ ቁልፍ ሠሪ ነበሩ። በወጣትነታቸው የሣጥንና የጓዳ ቁልፍ በሞረድ ይቀርጹ ነበር። ቺፕ ያለው የመኪና ቁልፍ ሲመጣ ሌሎቹ ቁልፍ ሠሪዎች "ይሄ የኮምፒውተር ጣጣ ነው" ብለው ተዉት። ሐጂ ግን ጢማቸው ከነጣ በኋላ ወደ ዋናው ከተማ ሄደው፣ ከልጆቻቸው ከሚያንሱ ጎረምሶች ጋር ተቀምጠው ተማሩ፤ መሣሪያውንም ገዝተው ተመለሱ። በከተማዋ ይህን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው አልነበረም።

ዘይኑ የእህል ነጋዴው የጁሃር ፒካፕ ሹፌር ነው። ያደገው መናኸሪያ ውስጥ ነው፤ የሚያድረው አውቶብስ ጣሪያ ላይ፣ የሚበላው ዕቃ ተሸክሞ ነበር። ገና ጢም ሳያወጣ ስለ አንድ ትርፍ ጎማ ታስሯል። ወስዶት ይሁን አይሁን ለማንም አልተናገረም፤ ረጋ ብሎ የጠየቀውም ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ይናገራል፣ ብዙ ያያል። ካያቸው ነገሮች ሁሉ ያስገረመው ያ ቁልፍ ነው። አንድ ቀን ሐጂ የአንዱን ቁልፍ ፕላስቲክ ፈልቅቀው፣ ውስጡ ያለችውን የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር በመዳፋቸው ይዘው አሳዩት።

"ባትሪ የላትም?" አለ ዘይኑ ጎንበስ ብሎ እያያት።

"የላትም።"

"ታዲያ ምን ትሠራለች ሐጂ?"

"ስሟን ትናገራለች። ቁልፉን ስታዞር መኪናው 'ማን ነሽ?' ይላታል፤ ትመልስለታለች። ካወቃት ይነሳል። ካላወቃት ብትለምነውም አይነሳም። ሌባ ብረቱን አስመስሎ ይቀርጽ ይሆናል፤ ስሟን ግን ከየት ያመጣል?"

ዘይኑ ይህን ነገር ሲያሰላስለው ከረመ። እንዲህ ተጠይቆ፣ መልስ ሰጥቶ፣ መታመን ደስ ይላል ብሎ አሰበ።

ታዲያ አንድ ማለዳ ወደ ጁሃር ግቢ ሲገባ ፒካፑ እስከ በሩ ጭቃ ለብሶ አገኘው። አንዱ የፊት መብራት ተሰብሯል። የተፈለቀቀ በር ግን የለም። ጁሃር በነጠላ ጫማ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

"የት ነዳኸው?"

"እኔ? ትናንት ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት እዚሁ አቁሜው ነው የሄድኩት።"

"አንዱ ቁልፍ ትራሴ ሥር ነው። ሌላው አንተ ኪስ ውስጥ። ጂን ነው የነዳው በለኛ!"

"ጋሽ ጁሃር፣ እኔ ቤቴ ነበርኩ።"

"ማን አየህ?"

"አላህ።"

"እሱን ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ንገራቸው።"

ጁሃር ክፉ ሰው አልነበረም። ዘካውን ያወጣል፤ የሠራተኛ ደሞዝ አያሳድርም። ግን የጎማውን ወሬ ሰምቶ ነበር፤ የሰማውን ነገር ለዚህ ቀን አስቀምጦት ኖሯል። ፖሊስ ዘንድ ከመሄዱ በፊት የሐጂን ቃል ፈለገ። ሐጂ "ያለ ቁልፍ አይነሳም" ካሉ ጉዳዩ አለቀ። የዘይኑንም ቁልፍ ከመኪናው ያጠፉለታል። መሪውን ራሱ ያዘ። ዘይኑ በሚነዳው መኪና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ፣ ከጆንያዎቹ ጋር ተጫነ።

ሐጂ ነገሩን ከሁለቱም ሰሙ።

"ያለ ቁልፉ ሊነሳ ይችላል?" አለ ጁሃር።

"አይነሳም።"

ጁሃር ዞር ብሎ "ሰማህ?" አለው።

"እኔ ያለ ቁልፉ አይነሳም ነው ያልኩ" አሉ ሐጂ። "ዘይኑ ነው አላልኩም። ቆይ፣ ራሱን እንጠይቀው።"

"ማንን?"

"መኪናውን።"

መሣሪያቸውን አምጥተው ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ላይ ሰኩት። ከጎናቸው ጎማ የሚጠግነው ያሲን ሥራውን ትቶ መጣ፤ አላፊ አግዳሚውም ቆመ። ሐጂ ቢስሚላህ ብለው ነካኩት። የመሣሪያውን መስኮት አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ እንደገና አነበቡ።

"ጁሃር፣ ስንት ቁልፍ አለህ?"

"ሁለት። አንድ የኔ፣ አንድ የሱ።"

"መኪናው ሦስት ያውቃል።"

ያሲን ሳቀ። "ጋሽ ጁሃር፣ መኪናዎት ከእርስዎ ተደብቆ ሌላ ቤት ሠርቷል!"

ጁሃር አልሳቀም። "ሦስተኛው ከየት መጣ?" አለና ራሱ መለሰ፤ "መኪናውን ስገዛው ያገለገለ ነው። የፊተኛው ባለቤት አስቀርቶት ይሆናል።"

ዘይኑ የሽማግሌውን ፊት ያያል። እዚህ ላይ ሐጂ ራሳቸውን ቢነቀንቁ፣ "ሊሆን ይችላል" ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። የፊተኛው ባለቤት ሩቅ አገር ነው፤ ወሬው በዚያው ይቀራል። እሱ ከዚያ መጥቶ አይነዳምና ዘይኑም ተጠርጣሪ እንደሆነ ይኖራል። ሐጂ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

"አይደለም። እኔ ነኝ የሠራሁት።"

"ለማን?"

"መኪናህን፣ ሊብሬህንና የገዛ ቁልፍህን ይዞ ለመጣ ሰው። 'ባለቤቱ ልኮኝ ነው' አለኝ። አመንኩት። መጥቼ አንተን መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። አስታግፊሩላህ።"

"ስሙን ይንገሩኝ!"

"እስከ ዐስር ሶላት ጊዜ ስጠኝ።"

ጁሃር መኪናውን በጥፊ መታው። "ሐጂ ናቸው ብለን የቤታችንን በር አመንንዎት! ለካ የሌባ ረዳት ኖረዋል! ይሄኔ ለዚህ ለራሱ ይሆናል የሠሩለት!"

"ከሰደብከኝ ውስጥ የሚገባኝ አለ" አሉ ሐጂ።

ጁሃር የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሊሰግድ ሲገባ ዘይኑ ወደ ሱቁ ተከተላቸው። "ሐጂ፣ ስሙን ቢጠሩት ምን ነበረበት? እኔ እኮ ነኝ እዚህ የምቃጠለው።"

"ልጄ፣ ሀቅህ እጄ ላይ ነው፤ አልበላውም። ያ ሰው በራሱ እግር ከመጣ፣ ተጸጽቶ መመለሱ ለሱ ተውበት ይሆንለታል። ካልመጣ ሰው ሁሉ እየሰማ በስሙ እጠራዋለሁ። የራሴን ሀቅ ልተውለት እችላለሁ፤ ያንተን ለመተው ግን ሥልጣን የለኝም።"

በዚያች ከተማ የጠፋና የተገኘ ነገር መስጂድ ውስጥ አይለፈፍም። ከዐስር ሶላት በኋላ ከውጭው በር አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ተቁሞ ይነገራል፤ በግ የጠፋበትም፣ ሽርጥ ያገኘም እዚያ ይወጣል። የዚያን ዕለት ጀማዓው፣ ሰጋጁ ሁሉ፣ ጫማውን ሲፈልግ ሐጂ ሸምሰዲን ድንጋዩ ላይ ወጡ።

"ወንድሞቼ፣ የጠፋብኝ ነገር የለም፤ ያጠፋሁት አለ። የጁሃርን መኪና ቁልፍ ጁሃርን ሳልጠይቅ ለሌላ ሰው ሠርቻለሁ። በኔ ጥፋት አንድ ንጹሕ ሰው ተከሷል።"

ሰዉ ተንጫጫ። አንዱ ከኋላ "የኔንስ ለማን ሰጡብኝ?" ብሎ ጮኸ።

"አምጣውና እንጠይቀው፤ መብትህ ነው" አሉ ሐጂ። ጆሮአቸው ቀልቶ ነበር። "አሁን የጁሃር መኪና የሚያውቃቸውን ቁልፎች ሁሉ እንዲረሳ አደርጋለሁ። ከዚያ ፊቱ የቀረቡለትን ብቻ ይማራል። ያልቀረበ ቁልፍ በሩን ይከፍት ይሆናል፤ ሞተሩን ግን አያስነሳም። ቁልፍ ያለው ይዞ ይምጣ። የመጣ እንግዳዬ ነው፤ ማንም እጁን አያነሳበትም። ሥራዬን እስክጨርስ ካልመጣ ግን ስሙን ከዚሁ ድንጋይ ላይ እጠራለሁ።"

ወርደው ወደ መኪናው ሄዱ። ያሲን "ሐጂ፣ ቀስ እያሉ ይሥሩ፣ ሰውየው ጫማው ጠፍቶበት ይሆናል" አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ዘይኑ ግን እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቶ ሰዉን አንድ በአንድ ያያል። ማን ይሆን? ጎማ በጠፋ ጊዜም ሰው እንዲህ ከቦት ነበር። ያኔ ግን "ቆይ፣ እንጠይቅ" ያለ አልነበረም። ሐጂ ሶኬቱን ሰኩ። መሣሪያው ማጥፋቱን ጨርሶ ከመሪው ፊት፣ ክሩስኮቶው ላይ ያለችው ቀይ መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ማለት ጀመረች። መኪናው አሁን ማንንም አያውቅም።

ያን ጊዜ ከመስጂዱ በር አንድ ጎረምሳ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ወጣ። ፈትሒ ነበር፣ የጁሃር ልጅ፣ ኮሌጅ የሚማረው። በባዶ እግሩ ሰዉን አልፎ መጣና ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠ።

"አባባ ሐጂ፣ ይኸው።" ወደ አባቱ ዞረ፤ ቀና ብሎ ግን አላየውም። "አባ፣ ጓደኞቼን ይዤ ወንዝ ድረስ ነድቼው ነው። ስመለስ ድንጋይ ጋር ገጨሁት። ዘይኑ ላይ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ከመጣ በኋላ ደግሞ... ፈራሁ።"

የጁሃር እጅ ተነሳ። ሐጂ መሃል ገቡ። "እንግዳዬ ነው ብያለሁ።" እጁ አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ወርዶ የገዛ ፊቱን አሸ።

ሐጂ የጁሃርን ቁልፍ አስገብተው አዞሩት። ቀይዋ መብራት ብልጭታዋን አቁማ ጠፋች። "አንተን አውቆሃል" አሉት። "የልጅህንስ?"

ጁሃር ልጁን ከባዶ እግሩ ጀምሮ አየው። "ያስገቡት። ተደብቆ ከሚነዳ እያየሁት ይንዳ።"

እሱንም አስገቡ፤ መብራቷ እንደገና ብልጭ ብላ ጠፋች። ከዚያ ሐጂ እጃቸውን ወደ ዘይኑ ዘረጉ። "ያንተን አምጣ።"

ጁሃር ቀደመ። "ዘይኑ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። በአላህ ስጣቸው፤ ነገ ሥራህ ላይ ትገባለህ።"

ዘይኑ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። በጣቱ ጥቂት ዳሰሳት፤ ውስጧ ያለችውን የሩዝ ፍሬ የምታክለውን እያሰበ ይሆናል። ከዚያ ለሐጂ ሳይሆን ለጁሃር መዳፍ ላይ አኖራት።

"አውፍ ብያለሁ ጋሽ ጁሃር፣ ለአላህ ብዬ። መኪናው ግን ይርሳኝ።"

ሐጂ ዘይኑን አይተው መሣሪያቸውን ነቀሉ። ያሲን ወደሳቸው ጠጋ አለ።

"ሐጂ፣ ጠዋት ዝም ቢሉ ኖሮ እኮ 'የፊተኛው ባለቤት ነው' ተብሎ ያልፍ ነበር። ምን አገባዎት?"

"እኔን ያልፈኝ ነበር" አሉ ሐጂ። "የሚያርፈው ግን ዘይኑ ላይ ነው።"

ይህቺ ቃል አጭር ናት፤ ብዙዎቻችን የምንወድቅበት ቦታ ግን እሷው ጋ ነው። ነውርን መሸፈን፣ ሲትር፣ ታላቅ ነገር ነው። ሐጂ ሸምሰዲን የፈትሒን ነውር እስከቻሉበት ድረስ ሸፍነዋል፤ በራሱ አንደበት እንዲናገር በር ከፍተውለታል። የራሳቸውን ግን በሌላ ሰው ጀርባ አልሸፈኑም። እኛ ሁለቱን እናምታታለን። ዝም ስንል ሲትር ያደረግን ይመስለናል፤ የሸፈንነው ራሳችንን መሆኑን፣ የሸፈንንበትም ልብስ የአንድ ምስኪን ስም መሆኑን አንመረምርም። ክፉ ጥርጣሬም ሩቅ አይሄድም፤ ትናንት አንዴ የታሰረ ሰው ካገኘ እዚያው ይቀመጣል። መኪናው እንኳ ማን እንደሆነ ጠይቆ፣ መልስ ሰምቶ ነው የሚፈርደው።

እውነቱ በነጻ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ሰው ቁልፉን ሌላ ከተማ ወስዶ ማሠራት ጀመረ። ሐጂም ባለቤቱ በአካል ካልቆመ ቁልፍ አይነኩም፤ የመጣው የባለቤቱ ልጅ ቢሆንም እንኳ።

የዚያን ዕለት ሰዉ ከመግሪብ በፊት ተበተነ። ያሲን ወደ ጎማው ተመለሰ፤ ሐጂ ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ገቡ። ዘይኑ በእግሩ ወደ መናኸሪያው ወረደ። መኪናው ዘንድ የቀሩት ጁሃርና ልጁ ፈትሒ ነበሩ።