ከገጹ ላይ የተነሳው ማስጠንቀቂያ

አንድ ተራራ ጫፍ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ነበረች። ከከተማዋ ወደ ቆላው ገበያ የሚያወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። በዚህች ከተማ ትርሲት የምትባል ሴት ትኖር ነበር። አንድ ፎቅ ሥር በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ፎቶ ኮፒ እያነሳች ትተዳደራለች፤ ከዚያ ጎን ለጎን የከተማው ሰው የሚጽፍበትን ድረ ገጽ ታስተዳድራለች። ውኃ የሚቋረጥበት ቀን፣ የጠፋ ከብት፣ ታካሚ የማያመናጭቅ ሐኪም፣ ሚዛን የሚሰርቅ ልኳንዳ፣ ሁሉም እዚያ ይጻፋል። ሰዉ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ገጹን ከፍቶ ማየት ለምዶ ነበር፤ የተጻፈውንም ያምነዋል።

አንድ ቀን እትዬ አልጋነሽ የሚባሉ የሽንኩርት ነጋዴ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ወደ ገበያ የምወርደው በአቶ ደምመላሽ አውቶቡስ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲያዝ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ሾፌሩም ድምፁን አውጥቶ ይጸልያል። እባካችሁ የሚያውቅ ሰው ይየው።»

ጽሑፉን ብዙ ሰው አነበበው። በማግስቱ የአውቶቡሱ ባለቤት አቶ ደምመላሽ ራሳቸው ትርሲት ሱቅ ድረስ መጡ። አልጮሁም። ወንበር ስበው ተቀመጡና በለሰለሰ ድምፅ፣

«ልጄ፣ ስለ መኪናዬ የተጻፈውን አንሺልኝ» አሉ።

«የተጻፈው ውሸት ነው?»

«ውሸት ነው አልኩሽ እንዴ? አንሺው ነው ያልኩሽ።»

ሰውየው ጣሪያውንና ግድግዳውን ዞር ዞር ብለው ተመለከቱ።

«ይህ ፎቅ የወንድሜ መሆኑን ታውቂያለሽ። ጥሩ ቦታ ነው የያዝሽው። ልጅሽም እዚያ ማዶ አይደል የምትማረው? ስታልፍ አያታለሁ። ብቻዋን ነው የምትመለሰው፣ አይደል?»

ይህን ብለው ፈገግ አሉና ወጡ። ትርሲት በጠራራ ፀሐይ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። ‹ምን አሉኝ? ምንም ክፉ ነገር አልተናገሩም እኮ› ብላ ራሷን ልታረጋጋ ሞከረች፤ የልጇ ነገር ግን ከጆሮዋ አልወጣም። ከዚያ ምክንያት ፍለጋ ጀመረች። እትዬ አልጋነሽ ስለ መኪና ምን ያውቃሉ? ሽታው ከሌላ መኪና የመጣ ቢሆንስ? ሾፌርስ ቢጸልይ ምን ነውር አለው? እንዲህ እያለች ጽሑፉን አጠፋችው። ለምን እንዳነሳችው አልገለጸችም፤ ጸሐፊዋንም አልጠየቀችም።

ፍርሃቱ ግን አለቀቃትም፤ መልኩን ብቻ ለወጠ። ልጇን ከትምህርት ቤት ራሷ እየሄደች ታመጣ ጀመር። አውቶቡሱ በሱቋ በር ሲያልፍ በመስኮቱ የሚታዩትን ፊቶች ላለማየት አንገቷን ትደፋለች።

በአንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ፣ አንድ ሰው እየሮጠ «የደምመላሽ መኪና ተገለበጠ!» ብሎ ጮኸ።

ትርሲት ሱቋን ክፍት ትታ ወደ ሆስፒታል ሮጠች። ግቢው በሰው ተሞልቷል። አንዱ የእናቱን፣ አንዷ የባሏን ስም ትጣራለች። ፍሬኑ እምቢ ሲል ሾፌሩ መኪናውን ከገደሉ አሽሽቶ ከተራራው ጋር እንዳላተመውና እንደተገለበጠ እዚያው ሰማች። ተሳፋሪዎቹ ቆሰሉ እንጂ ተርፈዋል። ሾፌሩ ግን ሞቷል።

ወደ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ያየቻቸው እትዬ አልጋነሽን ነበር። እግራቸው በጄሶ ታስሯል፤ ፊታቸው አባብጧል።

«እትዬ! እርስዎ እንዴት ተሳፈሩ? አደገኛ ነው ብለው የጻፉት እርስዎ ነበሩ እኮ!»

«አዎ ልጄ፣ ፈርቼ ቀርቼ ነበር» አሉ በደከመ ድምፅ። «ኋላ ገጹን ሳየው ጽሑፌ የለም። ትርሲት እንዲሁ አታነሳውም፣ መኪናው ቢሠራ ነው ብዬ ተሳፈርኩ። ጎረቤቴንም ነይ እንውረድ፣ ተሠርቷል ያልኳት እኔው ነኝ።» አይን አይኗን አዩዋት። «ምነው፣ አልተሠራም ነበር እንዴ?»

ትርሲት ልትዋሽ አፏን ከፈተች። ግን እውነቱን ተናገረች።

«አላውቅም ነበር፣ እትዬ። አልጠየቅኩም። አስፈራርተውኝ ነው ያነሳሁት።»

እትዬ አልጋነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ትርሲት በዚያው ቀን ጽሑፉን ወደ ቦታው መለሰች። ከሥሩም፣ «ይህን ያነሳሁት ሐሰት ሆኖ አይደለም፤ ፈርቼ ነው» ብላ፣ ማን ምን እንዳላት ሳትደብቅ ጻፈች። ፖሊስ የአቶ ደምመላሽን ሌሎች አውቶቡሶች ለምርመራ አስቆመ። እሷም ሱቁን እንድትለቅ በፎቁ ባለቤት ተነገራት፤ ዕቃዋን ጠቅልላ ከወፍጮ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ገባች። ልጇን ማንም አልነካትም፤ ትርሲት ግን እጇን ይዛ መመላለሷን አላቆመችም።

ከጊዜ በኋላ አንዲት የሆቴል ባለቤት በንዴት እየተንቀጠቀጠች መጣች። ምግቧ ሰው አሳምሟል ተብሎ ተጽፎ ነበር። «አሁኑኑ አንሺልኝ!» አለች። ትርሲት እንደ ድሮው ፈራች። ሆኖም፣

«ስህተቱ የቱ ላይ እንደሆነ አስረጂኝ» አለቻት።

ሴትዮዋ በተባለው ቀን ለቅሶ ላይ እንደነበረች፣ ሆቴሉም ተዘግቶ እንደዋለ ተናገረች። ትርሲት ጎረቤቶቹን ጠየቀች፤ ጸሐፊውንም ጠየቀች። ሰውየው አስቦ አስቦ፣ የበላው ከእሷ ጎን ካለው ሌላ ሆቴል እንደነበር አመነ። ጽሑፉ ተነሳ። በቦታውም ለምን እንደተነሳ በግልጽ ተጻፈ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ባለ ድርጅት ስለ እሱ የተጻፈው እንዲነሳለት መጣ። ስህተቱን አሳየኝ ስትለው ማሳየት አልቻለም። «እንግዲያው መልስህን ከሥሩ ጻፍ፤ ማንም አይነካብህም» አለችው። በሩን አላትሞ ወጣ። ትርሲት በዚያ ቀን ልጇን ለማምጣት ቀደም ብላ ወጣች። ጽሑፉ ግን አልተነሳም።

ማስጠንቀቂያ ሲጠፋ ቦታው ባዶ አይሆንም። ያንን ያየ ሰው «አደጋው አልፏል» ተብሎ የተጻፈ ያህል ያምናል። ትርሲት መፍራቷ አያስነቅፋትም፤ የሚያስፈራ ነገር ነበርና። የበደለችው እውነቱን ሳታጣራ፣ ለምን እንዳነሳችም ሳትናገር ዝም በማለቷ ነው። በሐሰት የተወነጀለን ሰው ስም ማጥራት ተገቢ ነው፤ የሚያስጠነቅቅን ሰው ድምፅ ለኃይለኛ ብሎ ማጥፋት ግን በማናውቀው ሰው ሕይወት መወሰን ነው።

እናንተስ፣ «አንሱልኝ» የሚል ሰው በራችሁ ላይ ሲቆም የሚታያችሁ የጠያቂው ፊት ብቻ ነው? ወይስ ነገ ዝምታችሁን አምኖ የሚሳፈረውም ሰው ይታያችኋል?